ለጋምቤላ አንድ ጊጋ ባይት ይበቃል

ራስቤሪ ፓይ የሚባለውን የመዳፍ ስፋት ያለው ኮምፒውተር የሚያመርተው የብሪታንያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 መጀመሪያ ላይ ዋጋ ጨመረ። ባለ 16 ጊጋ ባይት ራሙ ፓይ 5 ከ120 ዶላር ወደ 145 ወጣ፤ ባለ 8ቱም ከ80 ወደ 95። ከጭማሪው ጋር ግን አንድ አዲስ ሞዴል አብሮ መጣ፦ 1 ጊጋ ባይት ራም ብቻ ያለው ፓይ 5፣ በ45 ዶላር። ብዙ ሰው ያወራው ስለ ጭማሪው ነው። ለጋምቤላ ግን ትልቁ ዜና ትንሹ ቦርድ ነው።

የጭማሪው ምንጭ ከእኛ በጣም ሩቅ ነው። የዓለምን ራም በአብዛኛው የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን የማምረት አቅማቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከላት ወደሚሆነው ውድ ሚሞሪ አዞሩ። ማይክሮን በዚያው ወር ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ገዥ ሲያቀርብ የኖረውን ራም መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። የተረፈውን ገበያ ስልክ፣ ላፕቶፕና ትንንሽ ቦርድ የሚሠሩት ይሻሙበታል። ከዚህ ቀደምም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ባለ 1 ጊጋ ባይቱ ፓይ 4 በ2019 በ35 ዶላር ወጥቶ ነበር፤ በ2020 መጀመሪያ ባለ 2ቱ በዚያው ዋጋ ሲቀርብ ትንሹ ገሸሽ ተደረገ፤ በ2021 የቺፕ እጥረት ሲበረታ ደግሞ ኩባንያው መልሶ አመጣው። ራም በተወደደ ቁጥር ዓለም ወደ 1 ጊጋ ባይት ይመለሳል ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ሲደርስ ነገሩ ሌላም ሸክም አለበት። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመነዘር ከመወሰኑ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 አለፈ። 45 ዶላር በድሮው ምንዛሪ 2,565 ብር ነው፤ በ130 ሲሰላ 5,850 ይሆናል። የባለ 16 ጊጋ ባይቱ የዚያን ወር ዋጋ፣ 145 ዶላር፣ ደግሞ 18,850 ብር። ይህ እንግዲህ ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከልበት ነው። በእነዚህ ቦርዶች ላይ ራሙ የተበየደ ስለሆነ እንደ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ቆይቶ መጨመር አይቻልም፤ የገዙትን ይዞ መኖር ብቻ ነው።

ለምን ጋምቤላ? መሃል ከተማ ወዳሉት የሞባይል ጥገና ሱቆች ጎራ ያለ ሰው መልሱን ያያል። ዘፈን፣ ፊልምና መዝሙር በሚሞሪ ካርድና በፍላሽ የሚያስጭነው ሰው ብዙ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና ዳታ ውድ በሆነበት ከተማ ሰው ይዘትን በእጁ መያዝ ለምዷል። በዚህ ልማድ ላይ አንድ ቦርድ ቢታከል፣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ውስጥ ኢንተርኔት ሳያስፈልግ በዋይፋይ መጽሐፍ፣ ውክፔዲያና የትምህርት ቪዲዮ የሚያድል ቤተ መጻሕፍት ይሆናል። ቦርዱ የሚፈልገው ጥቂት ዋት ብቻ ስለሆነ ሶላር ይበቃዋል። መብራት ቢጠፋም በባትሪ ይቆያል። በኩሌ፣ በተርኪዲ፣ በንጉዌንየልና በጄዊ የስደተኞች መጠለያዎች ያሉትን ተማሪዎች ሲያስቡት ደግሞ የዚህ ዓይነቱ ነገር ጥቅም እጥፍ ይሆናል።

ዋናው ሐሳቤ አንድ ነው፤ እሱንም ገና ከአሁኑ ልናገር። እንዲህ ያሉ ቦርዶች ስታክ የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ራም አንሷቸው አይደለም። ራም ለተትረፈረፈለት ማሽን የተበጀ አሠራር እንዳለ ስለሚጫንባቸው ነው። መፍትሔውም ትልቅ ቦርድ መግዛት ሳይሆን ቦርዱ «አይቻልም» የሚልበትን ቦታ አስቀድሞ መወሰን ነው።

እነዚህ ቦርዶች የሚሠሩበት ሊኑክስ ራም የሚያድልበት መንገድ ብዙዎቻችንን ያሳስታል። አንድ ፕሮግራም «200 ሜጋ ባይት ስጠኝ» ሲል የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ወዲያው እሺ ይላል፤ በዚያች ቅጽበት ግን የሚሰጠው ቃል ብቻ ነው። እውነተኛው ራም የሚነካው ፕሮግራሙ በቦታው ላይ መጻፍ ሲጀምር፣ ገጽ በሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች እየተቆረጠ ነው። 300 ሰው ለሚይዝ አዳራሽ 500 የሠርግ ጥሪ እንደመበተን ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት አይመጣም ተብሎ። በ32 ጊጋ ባይት ማሽን ላይ ይህ ብልህነት ነው። በ1 ጊጋ ባይት ላይ ግን አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ስልኩን ይዞ በአንድ ጊዜ ሲገባ የተጠሩት ሁሉ በር ላይ ይገናኛሉ። ያን ጊዜ ከርነሉ የገባውን ቃል ማጠፍ ስለማይችል አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። ይህን የሚያደርገው የከርነሉ ክፍል ኦኦኤም ኪለር ይባላል፤ ሲመርጥ በቅድሚያ የሚያየውም ማን ብዙ ራም እንደያዘ ነው። አንድ ሥራ ብቻ በሚሠራ ቦርድ ላይ ብዙ ራም የሚይዘው ደግሞ ያ ለሥራው የተተከለው ፕሮግራም ራሱ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ይሞታል፤ ማንም የማይጠቀምበት የብሉቱዝ አገልግሎት በሕይወት ይቀራል።

ከመገደል የባሰም አለ። ስዋፕ፣ ማለትም ራም ሲጠብ ገጾች የሚዛወሩበት የማከማቻ ቦታ፣ በሌለው ማሽን ላይ ከርነሉ በሚሞሪ ካርዱ ላይ ቅጂ ያላቸውን ገጾች ይጥላል፤ የፕሮግራሞቹን ኮድ ጭምር። ፕሮግራሙ ግን በሚቀጥለው ቅጽበት ያንኑ ገጽ ይፈልገዋል፤ ከካርዱ ይነበባል፤ እንደገና ይጣላል። ማሽኑ አልሞተም፣ አልሠራምም። መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ አይነቃነቅም።

ይህን ኢትዮጵያ በሰፊው ያየችው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» በሚል የተነሳው ዓለም አቀፍ ዘመቻ ኤክስኦ የተባሉትን አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች በሺዎች ወደ አገራችን ሲያመጣ፣ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት የሚደግፈው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ሥራውን ይዞ በአዲስ አበባና በገጠር ትምህርት ቤቶች አሰራጭቷቸው ነበር። ኤክስኦው ሊኑክስ የሚሠራ ሆኖ 256 ሜጋ ባይት ራም፣ 1 ጊጋ ባይት ማከማቻና 433 ሜጋ ኸርትዝ ፕሮሰሰር ነበረው። ማከማቻው ቶሎ እንዳያልቅ ስዋፕ አልተደረገለትም። ልጁ ሁለት ሦስት ፕሮግራም ከከፈተ ከላይ የተነገረው ድርቀት ይመጣ ነበር። ስለዚያ ዘመቻ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መምህራን ሥልጠና፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ይዘት። ስለ ራሙ ግን ከሞላ ጎደል ዝም ተብሏል። ልጅ ፊት ለፊቱ ያለው መሣሪያ ድንገት ሲደርቅበት ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለውም ለዚህ ነው።

ዛሬ ያለን ዕውቀት ከዚያ ዘመን የተሻለ ነው፤ ሥራው ቅደም ተከተል ይፈልጋል እንጂ። መጀመሪያ የማያስፈልገውን ማውለቅ ይቀድማል። ስክሪን የማይሰካበት ቦርድ ላይ ዴስክቶፕ መጫን፣ ምንም ሳይሠራ መቶዎች ሜጋ ባይት መስጠት ነው። በቀደሙት የፓይ ሞዴሎች ላይ ባለ 1 ጊጋ ባይቱ ለግራፊክስ ብቻ 76 ሜጋ ባይት አስቀድሞ ይቆርጣል፤ በአንዲት መስመር ወደ 16 ማውረድ ይቻላል። 512 ሜጋ ባይት ብቻ ባለው ፓይ ዜሮ 2 ላይ ደግሞ ባለ 32 ቢቱን ሲስተም መምረጥ ያዋጣል፤ በባለ 64ቱ የአድራሻ ጠቋሚዎች ሁሉ እጥፍ ቦታ ይይዛሉ። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው።

ከባዱ የከርነሉን ቃል አሰጣጥ መቀየር ነው። ሊኑክስ ሦስት ምርጫ አለው፦ በግምት ማብዛት፣ ሁሌ እሺ ማለት፣ ወይም ከወሰን በላይ ፈጽሞ ቃል አለመግባት። ሦስተኛው ለእኛ ይስማማል፤ ፕሮግራሙ ኋላ ከመገደል ይልቅ ገና ሲጠይቅ «የለም» ይባላል፣ ተማሪውም «ቆይተህ ሞክር» የሚል ገጽ ሊያይ ይችላል። ብዙዎች ይህን ሞክረው የሚተዉት በሁለት ወጥመድ ነው። አንደኛ፣ ወሰኑ ካልተነካ ከርነሉ ቃል የሚገባው በስዋፑና በራሙ ግማሽ ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ስዋፕ በሌለው 1 ጊጋ ባይት ቦርድ ላይ ራሙ ገና ባዶ እያለ 500 ሜጋ ባይት ሳይሞላ ክልከላ ይጀምራል። ሬሾውን ወደ 80 ወይም 90 በመቶ ማሳደግ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። 300 ሜጋ ባይት የያዘ ፕሮግራም አንዲት ትንሽ ትእዛዝ ለማስኬድ፣ ለምሳሌ ሰዓቱን ለማስተካከል፣ ፎርክ ሲያደርግ በወረቀት ላይ ራሱን ያባዛል። ቅጂው በእውነት ራም ባይነካም ከርነሉ ሌላ 300 ሜጋ ባይት ቃል መግባት አለበት፤ ወሰኑን የሚያልፍ ከሆነ አይገባም፤ ትእዛዟ «ሚሞሪ የለም» ተብላ ትወድቃለች። ቴክኒሻኑ ራሙን ሲያይ ግን ግማሹ ባዶ ነው። መድኃኒቱ እንዲህ ያሉ ሥራዎችን የሚያስኬድ ትንሽ ረዳት ፕሮግራም ዋናው ከመወፈሩ በፊት ማስነሳት፣ ወይም ሙሉ ቅጂ በማይጠይቀው መንገድ መጥራት ነው። ይህን ወጥመድ የማያውቅ ሰው ትልቅ ቦርድ ይገዛል።

በዚህ ላይ ዚራም ይጨመራል። ካርዱን በስዋፕ ከማድከም ይልቅ ብዙ የማይነኩትን ገጾች እዚያው ራም ውስጥ አምቆ ማስቀመጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይጠቀጠቃሉ። ዋጋው የፕሮሰሰር ጉልበት ነው። የጋምቤላ ሙቀት እዚህ ላይ ይገባል፦ በየካቲትና በመጋቢት ውጭው ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ክዳን ያለው ሣጥን ውስጥ የተዘጋ ፓይ 80 ዲግሪ ላይ ደርሶ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የፕሮሰሰሩ ጉልበት የሚወርደው ማመቁ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሣጥኑ የሚቀመጥበት ጥላና የአየር መውጫው የራም ጉዳይም ናቸው።

ለመብራት መቆራረጥ ሲባል የሚደረገው መከላከያ ደግሞ የራሱ ጉድጓድ አለው። ካርዱ በድንገተኛ መጥፋት እንዳይበላሽ ሲስተሙን የማይጻፍበት አድርጎ፣ ለውጡን ሁሉ ከላይ በተደረበ ጊዜያዊ ንብርብር ላይ መያዝ ጥሩ ልማድ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ያ ንብርብር የሚኖረው ራም ውስጥ ነው። ሎግ ሲጻፍ፣ ፋይል ሲወርድ፣ ሁሉም ራም ይበላል፤ ካልተገደበ እስከ ራሙ ግማሽ ድረስ። መብራት የጠፋ ዕለት ያዳነው ዘዴ መብራት ለሳምንታት ሳይጠፋ ሲቀር ቦርዱን ይገድለዋል። የሎጉን መጠን በጥቂት ሜጋ ባይት መገደብ ግዴታ ነው።

ገደብ ማበጀቱ ራሱ ሌላ ማጣሪያ ይፈልጋል። አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የራም ጣሪያ ማስቀመጥ ይችላል፤ ይህ የሚሠራው ግን ሚሞሪ ሲግሩፕ የተባለው የከርነሉ ክፍል ክፍት ከሆነ ነው። በራስቤሪ ፓይ ሲስተም ላይ ለዓመታት ተዘግቶ ሲመጣ ኖሯል። ጣሪያውን የጻፈው ሰው ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ ጣሪያው ግን የለም። በቡት መስመሩ ላይ ከፍቶ፣ ከዚያም ሆን ብሎ ጣሪያውን የሚያልፍ ፕሮግራም አስኬዶ መሞቱን በዓይን ማየት ያሻል። የሚሞተውን መምረጥም እንዲሁ ነው፦ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ከ-1000 እስከ 1000 የሚደርስ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ።

የምንጽፍባቸው ቋንቋዎችም በዚህ ሒሳብ ውስጥ አሉ፤ ይህን የሚያነሳ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ጋምቤላ» የሚለው ቃል በአራት ፊደል 12 ባይት ነው። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ ጽሑፍን ራም ውስጥ ሲይዝ ለሁሉም ፊደል እኩል ስፋት ይሰጣል፦ በአንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ገጽ ውስጥ አንዲት የግዕዝ ፊደል ብትገባ የገጹ ራም በሙሉ እጥፍ ይሆናል። ኑዌርኛ በላቲን ፊደል ቢጻፍም ከእንግሊዝኛው ፊደላት ውጭ የሆኑ አናባቢዎችና ተነባቢዎች ስላሉት በዚሁ ሕግ ይዳኛል። በእንግሊዝኛ ይዘት ተፈትኖ «1 ጊጋ ባይት ላይ ይሠራል» የተባለ ፕሮግራም የጋምቤላን ልጆች ቋንቋዎች ሲሸከም ያው ላይሆን ይችላል። ፈተናው በእነዚህ ቋንቋዎች መደረግ አለበት፤ ይህንንም ከሩቅ ያለ ሰው አያደርግልንም።

በደንብ የተሠራ ፕሮግራም ምን ያህል በትንሽ እንደሚኖር፣ ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ኪዊክስ ጥሩ ማሳያ ነው። ሥዕሎቹን የያዘው የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ100 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል ነው። ኪዊክስ ፋይሉን ራም ላይ አይጭነውም። ጽሑፎቹ በትንንሽ እሽግ ታምቀው ስለተቀመጡ የተፈለገውን እሽግ ብቻ ይፈታል፤ የቀረው በካርዱ ላይ ይተኛል። የተነበቡትን ገጾች ከርነሉ በተረፈው ራም ያቆያቸዋል፤ ሲጠብ ያለ ጭንቅ ይጥላቸዋል። እዚህ ላይ ብዙ ቴክኒሻን ይደነግጣል፦ ባዶ ራሙን ሲያይ ጥቂት ሜጋ ባይት ብቻ ቀርቷል። መታየት ያለበት ባዶው ሳይሆን ሲያስፈልግ ሊለቀቅ የሚችለው ነው፤ ሁለቱ በተለያየ ዓምድ ነው የሚጻፉት።

ቤተ መጻሕፍት ቢቆም ሰው ይበሳጫል። በባሮ ወንዝ ላይ የውሃ ከፍታ የሚለካ ቦርድ ቢቆም ግን ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ወንዙ ሞልቶ የጋምቤላ ከተማን ክፍሎችና የላሬን፣ የኢታንግን ወረዳዎች አጥለቅልቋል፤ ከዚያ ቀደም በ2014 እ.ኤ.አ. የሌይቹኦር መጠለያ በጎርፍ ተውጦ ነዋሪዎቹ ወደ ጄዊ መዛወር ነበረባቸው። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚቀመጥ ባለ 512 ሜጋ ባይት ቦርድ እንውሰድና እናስላ። በየደቂቃው አንዴ ይለካል፤ በእያንዳንዱ ልኬት ፕሮግራሙ 4 ኪሎ ባይት ሳይመልስ ይረሳል እንበል። ማንም የማያየው ስህተት ነው። በቀን 1,440 ልኬት፣ 5,760 ኪሎ ባይት። ነጻው ራም 300 ሜጋ ባይት ከሆነ በ53 ቀን ያልቃል። ሰኔ 1 ቀን የተተከለው ቦርድ ሐምሌ 24 አካባቢ ይደርቃል፤ ወንዙ ወደ ሙላቱ እየሄደ ሳለ። በአዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ለአንድ ሳምንት የተደረገ ሙከራ ይህን ፈጽሞ አያሳይም። ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የሚያስፈልገውን ራም ሁሉ ሲነሳ አንዴ መውሰድና ከዚያ ወዲያ ምንም አለመጠየቅ ነው የሚሻለው፤ በቺፑ ላይ ያለውን ዋችዶግ ማብራትም እንዲሁ፣ ፕሮግራሙ ለ15 ሰከንድ ያህል ድምፁ ከጠፋ ቦርዱ ራሱን እንዲያስነሳ። ባለ 8 ጊጋ ባይት ቦርድ መግዛት ግን ያንኑ ሞት ወደሚቀጥሉት ዓመታት ያስተላልፈዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ያን ጊዜ ደግሞ የተከለው ሰው ሥራ ቀይሮ ይሆናል።

ወደ ጋምቤላ የሚመጣ ዕቃ ድሮም ወቅቱን ይጠብቅ ነበር፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ከብሪታንያ ጋር በተደረገው ስምምነት የተመሠረተው የንግድ ጣቢያ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም በሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ነበር የሚኖረው። ዛሬም ከአዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚርቅ ከተማ የተቃጠለ ቦርድ መተኪያና የሚጠግን ባለሙያ በማግሥቱ አይደርሱም። ስለዚህ ዕውቀቱ እዚሁ መኖር አለበት። ኦፕሬቲንግ ሲስተም በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል፤ የገጽ ምደባ፣ ቨርቹዋል ሚሞሪ፣ ሁሉም በፈተና ይጠየቃል። የሚጎድለው ተማሪው 512 ሜጋ ባይት ያለው ቦርድ ይዞ እስኪደርቅ ድረስ የሚጭንበት፣ ከዚያም ለምን እንደደረቀ የሚያስረዳበት የተግባር ሰዓት ነው። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የሚፈልገው ጥቂት ቦርዶችና አንድ የቆረጠ መምህር ነው። የመሃል ከተማዎቹ ጠጋኞችም እዚያ ቢጋበዙ እወዳለሁ፤ ሲበላሽ ቀድሞ የሚደወልላቸውም፣ ቦርዱ የሚወሰድላቸውም እነሱ ናቸው።

ቦርድ የሚለግሱትም የሚረከቡትም ርክክቡን በፎቶ ባይጨርሱት ጥሩ ነው። በሙቀቱ ወቅት፣ እዚያው በሚቀመጥበት ክፍል፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳያቋርጥ ይሥራ። አርባ ስልክ በአንድ ጊዜ ይግባበት፤ ግማሹ አማርኛ ገጽ፣ ግማሹ ኑዌርኛ ይክፈት። መሃል ላይ ገመዱ ይነቀል። የነጻው ራም መጠን በየሰዓቱ ተመዝግቦ፣ መስመሩ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ፕሮግራሙ ወደ ሠሪው ይመለስ። ከዚህ ሁሉ በኋላ 1 ጊጋ ባይቱ ካልበቃ፣ ያን ምዝገባ አያይዞ ባለ 2 ጊጋ ባይት መጠየቅ ይቻላል።